ከመመለሳችን በፊት የነበሩት አራት ሳምንታት

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ፣ ከውጭ አገር ትምህርት የተመለሱ ሁለት አባላት በጋራ ያቀረቡት ንግግር)



ሁለት ዓመት በጀርመን አገር፣ ላይፕዚግ በምትባል ከተማ ተምረን፣ በመስከረም 2018 ዓ.ም. የመስቀል ማግስት ተመልሰናል። አንዳችን የተማርነው ስለ ምግብ አያያዝና ጥበቃ ነው፤ አንዳችን ደግሞ የኅብረተሰብ ጤና ነው። ስለ ትምህርቱ በየስድስት ወሩ በላክናቸው ደብዳቤዎች ነግረናችኋል። ዛሬ መናገር የመረጥነው ስለ መጨረሻዎቹ አራት ሳምንታት ነው። ከተመለስን ወዲህ በየቡናው ላይ የምንጠየቀው ስለ እነዚያ ሳምንታት ስለሆነ ነው። ጥያቄዎቹ ሦስት ናቸው። ትምህርቱ ካለቀ በኋላ አንድ ወር ሙሉ ምን ስትሠሩ ቆያችሁ? በባቡር አገር ለአገር የዞራችሁት በማን ገንዘብ ነው? ሦስተኛዋስ የት ቀረች? በግልጽ ጠይቃችሁናል፤ በግልጽ እንመልሳለን።

ከገንዘቡ እንጀምር። የትምህርቱንና የዕለት ኑሮውን ወጪ የሸፈነው ያገኘነው ነጻ የትምህርት ዕድል ነው። የአውሮፕላን ቲኬቱንና የቪዛውን ወጪ ግን ማኅበራችን ከቁጠባው አበድሮናል፤ የጎደለውን ደጋፊዎቻችን ሞልተዋል። ያ ቁጠባ እንጀራ በመጋገር፣ በርበሬ በማዘጋጀት፣ ጥጥ በመፍተል የተጠራቀመ ነው። ስለዚህ "በማን ገንዘብ?" ተብሎ መጠየቁ አላስከፋንም። ቢቀር ነበር የሚያሳስበን።

ለኑሮ የሚሰጠን ገንዘብ የነሐሴን ወር ጨርሶ ቆመ። የቤት ኪራያችን ግን እስከ መስከረም ሃያ፣ በእነሱ አቆጣጠር እስከ ሴፕቴምበር 30 ድረስ የሚከፈል ነበር። የመመረቂያ ጽሑፋችንን የተከላከልነው በዚሁ መካከል ነው። ይህንን ክፍተት የሞላነው ሠርተን ባጠራቀምነው ነው። የአገሩ ሕግ ለውጭ አገር ተማሪ በዓመት 140 ሙሉ ቀን እንዲሠራ ይፈቅዳል። አንዳችን በአረጋውያን መኖሪያ ወጥ ቤት፣ አንዳችን በቤተ መጻሕፍት ሠርተናል። የተጓዝነውም በዚሁ ገንዘብ ነው።

ጉዞው ራሱ እንደሚወራው ውድ አልነበረም። በዚያ አገር ለአንድ ወር በመላው አገሪቱ በከተማ አውቶቡስ፣ በትራምና በአካባቢ ባቡር የሚያስኬድ ቲኬት አለ፤ ዋጋው እ.ኤ.አ. በ2025 ዓ.ም. 58 ዩሮ ነበር። ፈጣኖቹን ባቡሮች አይጨምርም። ሌላው በሁለት ሰዓት የሚደርስበት ቦታ እኛ ግማሽ ቀን እንፈጅ ነበር፤ ሁለትና ሦስት ጊዜም ባቡር እንቀይር ነበር። ስንቃችን በሶ፣ ቆሎ፣ የተቀቀለ እንቁላል ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጠዋት ወጥተን ማታ እንመለሳለን። ከላይፕዚግ ውጭ ያደርነው ሁለት ሌሊት ብቻ ነው፤ እሱም ፍራንክፈርት ላይ አንዲት የአገራችን ልጅ ቤት።

የመጀመሪያው ጥያቄ፣ "ምን ስትሠሩ ቆያችሁ?" የሚለው ነው። ከጊዜያችን ግማሹን የወሰደው ወረቀት ነው። ውጭ አገር ለመሄድ ብዙ ወረቀት እንደሚያስፈልግ ሁላችንም እናውቃለን። ለመመለስም የዚያኑ ያህል እንደሚያስፈልግ የሚያወራ ሰው ግን እምብዛም ነው። ከእኛ በኋላ የሚሄዱ ልጆቻችን እንዲያውቁት ዘርዘር አድርገን እንንገራችሁ።

ቤት የተከራየ ሰው መልቀቁን ለአከራዩ በጽሑፍ የሚያሳውቀው አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት ወር በፊት ነው። ሲገባ ያስያዘው ገንዘብ እስከ ሦስት ወር ኪራይ ሊደርስ ይችላል፤ የሚመለስለትም ቤቱ ከታየ በኋላ፣ አንዳንዴም ወራት ቆይቶ ነው። ስለዚህ መያዣው ሳይመለስ የባንክ ሒሳብ መዝጋት አይገባም። ከዚያ ወደ ከተማው ጽሕፈት ቤት ሄዶ ከነዋሪነት መዝገብ መሰረዝ አለ። ይህም ከመውጫው ቀን አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ጀምሮ፣ ከወጡ በኋላ ሁለት ሳምንት እስኪሞላ ድረስ የሚፈጸም ነው። የሚሰጡትን ወረቀት እንደ ዓይን ብሌን መጠበቅ ነው። የስልክ ውል ለማቋረጥም ሆነ ለሬዲዮና ለቴሌቪዥን በየወሩ የሚከፈለውን 18 ዩሮ ከ36 ሳንቲም ለማስቆም የሚጠየቀው እሱ ነው። ይህ ክፍያ ቤቱ ውስጥ ሬዲዮ ኖረም አልኖረ የሚከፈል ነው፤ ካላስቆሙት ሰውየው አዲስ አበባ ተቀምጦ እዳው እዚያ ይቆጠራል። የባቡር ቲኬቱም ቢሆን ወሩ በገባ እስከ አሥረኛው ቀን ካልተሰረዘ ለሚቀጥለው ወር ያስከፍላል።

ከሁሉም በላይ የትምህርት ማስረጃው አለ። እዚህ አገር ከውጭ የመጣ ዲግሪ በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የአቻ ግምት ይሠራለታል። ለዚህ ዋናው ማስረጃ፣ የነጥብ ዝርዝሩና ሌሎችም ወረቀቶች ያስፈልጋሉ። አንዲት ወረቀት ጎድላ ከዚህ ሆኖ ማስላክ ወራት ይወስዳል። እኛ የተረጋገጡ ቅጂዎችን እዚያው እያለን አዘጋጅተን ይዘናል።

ቀሪው ጊዜ ለጉዞ ዋለ። የት እንደምንሄድ ስንመርጥ አንድ ነገር ተስማማን። ስንመለስ ለማኅበራችን የምንነግረው ነገር ያለበት ቦታ እንሂድ፤ ውብ ቦታዎቹ ይቆዩን አልን።

የመጀመሪያው ቦታ ሩቅ አልነበረም፤ የምንኖርበት ከተማ ነው። በላይፕዚግ ሮዘንታል የሚባል መናፈሻ ውስጥ ሉይዘ ኦቶ ፔተርስ ለምትባል ሴት የቆመ መታሰቢያ አለ። ይህች ሴት ከጓደኞቿ ጋር ሆና እ.ኤ.አ. በ1865 በዚያች ከተማ የመላው ጀርመን የሴቶች ማኅበርን አቋቋመች። ሴቶች ሥራና ትምህርት እንዲያገኙ የታገለ፣ በሴቶች የተመራ፣ ሴቶች ራሳቸውን ይርዱ ያለ ማኅበር ነው። ሉይዘ እ.ኤ.አ. በ1895 አረፈች። የላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ የሚገኝበት የሳክሶኒ ግዛት ሴቶችን እንደ ወንዶቹ በተማሪነት መመዝገብ የጀመረው በ1906 ነው። ሴትየዋ ከሞተች 11 ዓመት፣ ማኅበሩ ከተቋቋመ ደግሞ 41 ዓመት በኋላ ማለት ነው። እኛ ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ ከተማ እንደ ልባችን ክፍል ገብተን የወጣነው፣ በሩን አንኳኩተው ሳይገቡበት በሞቱ ሴቶች ድካም ነው። እናንተም ለሴት ልጆቻችሁ የምታደርጉት ይህንኑ ነው። ከመካከላችሁ ፊርማዋን በጣት አሻራ የምታስቀምጥ እናት፣ በብድር ወረቀታችን ላይ ዋስ ሆና ፈርማልናለች።

ሁለተኛው ቦታ ዴሊች የምትባል ትንሽ ከተማ ናት። ከላይፕዚግ በባቡር ግማሽ ሰዓት አይሞላም። እዚያ የኅብረት ሥራ ማኅበር ሙዚየም አለ። ሄርማን ሹልዘ ዴሊች የተባለ ዳኛ እ.ኤ.አ. በ1849 የከተማዋን ጫማ ሰፊዎች ያሰባሰበው በዚያች ከተማ ነው። ጫማ ሰፊዎቹ በተናጠል ቆዳ ሲገዙ በጥቂት በጥቂቱ፣ በውድ ዋጋ፣ አንዳንዴም በዱቤ ነበር የሚገዙት። ትርፋቸውን ነጋዴው ይበላው ነበር። ተሰብስበው በአንድነት በጅምላ መግዛት ጀመሩ። በዓመቱ፣ በ1850፣ የብድር ማኅበር ደግሞ ተጨመረ። ዛሬ በዚያ አገር በየመንደሩ የምናያቸው የኅብረት ሥራ ባንኮች ሐረጋቸው ከዚህና በገጠር ራይፋይዘን የተባለ ሰው ከጀመረው ሥራ ይመዘዛል።

እዚያ ሙዚየም ውስጥ ቆመን ያሰብነው የእኛን የበርበሬ ቡድን ነው። እቁብ እናውቃለን፤ ዕጣ የወጣላት ገንዘቡን ይዛ ትሄዳለች፣ ዙሩ ሲያልቅ ሣጥኑ ባዶ ነው። እድር እናውቃለን፤ ለክፉ ቀን ነው። ጫማ ሰፊዎቹ ያደረጉት ገንዘቡ ሣጥን ውስጥ ቀርቶ ጥሬ ዕቃ እንዲገዛ ነው። የእኛ በርበሬ አዘጋጆች እስከ ዛሬ ዛላውን የሚገዙት እያንዳንዳቸው በየፊናቸው ነው፤ በመስቀል ሰሞን በአንድ ዋጋ፣ ክረምት ሲመጣ በሌላ። በአንድነት ቢገዛ ምን ያህል እንደሚቀንስ ከቡድኑ መሪዎች ጋር ሆነን ማስላት ጀምረናል። ሒሳቡ ሲያልቅ ለሥራ አመራሩ እናቀርባለን።

ሦስተኛው ቦታ ጎታ ናት። ከላይፕዚግ በኤርፉርት በኩል ይኬዳል። ፍሪደንሽታይን የሚባል ትልቅ ቤተ መንግሥት አለባት። እ.ኤ.አ. በ1652 አባ ጎርጎርዮስ የተባሉ የአማራ ሳይንት አካባቢ ሰው፣ የመካነ ሥላሴ ተወላጅ፣ በጎታው መስፍን በኤርንስት ተጋብዘው እዚያ መጥተው ነበር። የጠራቸው ሂዮብ ሉዶልፍ የሚባል የኤርፉርት ተወላጅ ምሁር ነው። ሁለቱ ከሦስት ዓመት በፊት ሮም ላይ ተዋውቀው ነበር። አባ ጎርጎርዮስ ስለ አገራቸው፣ ስለ ግዕዝና ስለ አማርኛ የሚያውቁትን ለሉዶልፍ ነገሩት። ሉዶልፍ እ.ኤ.አ. በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ በላቲን አሳተመ፤ በ1698 ደግሞ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አወጣ። አባ ጎርጎርዮስ ግን እነዚህን መጻሕፍት አላዩም። ጎታ ላይ ጥቂት ወራት ቆይተው ተሰናበቱ፤ እ.ኤ.አ. በ1658 በእስክንድሮን አጠገብ መርከባቸው ተሰብሮ ባሕር ላይ ሞቱ።

በዚያ ግቢ ስንዞር ብዙ አልተነጋገርንም። ያ ሰው የሰጡት ሁሉ እዚያ ቀርቷል፤ ተጽፏል፣ ተጠብቋል። ያዩትን ግን ለአገራቸው ሰው ሳይነግሩ ቀሩ። ስለ ጎታ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ብርዱ፣ ስለ ማተሚያ ቤቱ በመካነ ሥላሴ ቡና ላይ የተወራ ነገር የለም። በእሳቸው ዘመን መንገዱ ዓመታት ይፈጃል፣ ነፍስም ይበላል። እኛ ግን ከፍራንክፈርት አንድ ሌሊት በርረን እዚህ ደርሰናል። ስለዚህ የመመለስ ጉዳይ ዛሬ ምርጫ ሆኗል፤ ምርጫ ሲሆን ደግሞ አንዳንዴ ይከብዳል።

ይህ ወደ ሦስተኛው ጥያቄ ያመጣናል። ሦስተኛዋ እህታችን የት ቀረች? ስሟን አንጠራም፤ ይህንን ያህል ብትናገሩ ፈቅጃለሁ ብላናለች። የነገረችን በእንቁጣጣሽ ዕለት ነው። ሦስታችን በአንድ ክፍል ተሰብስበን፣ አደይ አበባ ስለሌለ ከመንገድ ዳር ቢጫ አበባ ለቅመን፣ ቡና አፍልተን ነበር። ሁለተኛው ቡና ላይ "እኔ ከእናንተ ጋር አልበርም" አለች። የዚያ አገር ሕግ እዚያው ተምሮ ለተመረቀ ሰው ሥራ የሚፈልግበት እስከ 18 ወር የሚደርስ የመኖሪያ ፈቃድ ይሰጣል። ማመልከቻዋን አስገብታ ነበር። አባቷ የኩላሊት እጥበት ላይ ናቸው፤ በሳምንት ሦስት ጊዜ። እዚህ ብትመለስ በሚከፈላት ደሞዝ የአንዱን ሳምንት እንኳ መሸፈን እንደማትችል አስልታ አሳየችን። እያለቀሰች ነው ያሰላችው።

"ገንዘባችንን ይዛ ቀረች" የሚል ቃል በማኅበራችን ውስጥ ተሰምቷል። ከኅዳር ጀምሮ የብድሯን ክፍያ በየወሩ እየላከች መሆኑን ገንዘብ ያዣችን ያውቃሉ። የሰማችሁትንም ያልሰማችሁትንም ከዚህ ቃል ጋር አስተያዩት። ቀረች ማለት እውነት ነው፤ ከዳች ማለት ግን ሐሰት ነው።

እኛስ ለምን መጣን? ከእሷ የተሻልን ስለሆንን እንዳይመስላችሁ። አንዳችን ልጇን የሁለት ዓመት ተኩል አድርጋ ለእናቷ ትታ ነው የሄደችው። በስልክ ስትደውል ልጅቱ አያቷን "እማዬ" እያለች፣ እናቷን በስሟ መጥራት ጀምራ ነበር። ለእሷ ውሳኔው በዚያ አልቋል። ሌላኛችን ግን ስትሠራበት በነበረው የአረጋውያን ወጥ ቤት የቋሚ ሥራ ውል ቀርቦላታል። ከጎታ ስንመለስ ባቡሩ ውስጥ ሦስት ሰዓት ሙሉ ያወራነው ስለዚያ ውል ነው። ደሞዙ ጥሩ ነው። ሥራው ግን ድንች መላጥና ሳህን መደርደር ነው፤ የተማረችው ምግብ ሳይበላሽ እንዴት እንደሚቆይ ነው። እዚህ አገር በመቂና በባቱ ቲማቲም በብዛት ሲደርስ ገዢ አጥቶ ይበሰብሳል። ያወቀችውን የምታውልበት ቦታ ይኸኛው ነው ብላ መጣች። ልክ መሆኗን ጊዜ ይነግረናል። አራት ወር ሆኗት እስካሁን ቋሚ ሥራ አላገኘችም። የአቻ ግምቷን እየጠበቀች ነው።

እስከዚያው በሳምንት ሁለት ቀን ከበርበሬ ቡድናችን ጋር ትሠራለች። በርበሬ በደንብ ሳይደርቅ ከተፈጨ ወይም እርጥበት ባለበት ከተቀመጠ ሻጋታ ይይዘዋል። ከሻጋታው አንዳንዱ አፍላቶክሲን የሚባል ጉበት የሚጎዳ መርዝ ያመነጫል፤ በመጠበስም አይጠፋም። መሬት ላይ ማስጣት ቀርቶ ከፍ ባለ አልጋ ላይ እንዲሰጣ፣ ሌሊት እንዲሸፈን፣ የሻገተው ዛላ ተለቅሞ እንዲጣል ቡድኑ ተስማምቷል። ይህ ሥራ ደሞዝ የለውም፤ ግን የብድራችን ወለድ አድርጋችሁ ቁጠሩት።

ስለ ሻንጣውም ስለጠየቃችሁን እንንገራችሁ። የተፈቀደልን ሁለት ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ ነው። ከቤተሰብ የመጣው የዕቃ ዝርዝር ብቻውን ከዚያ ይበልጥ ነበር፤ ጫማ፣ ሽቶ፣ ስልክ። አንዱን ሻንጣ ለቤተሰብ፣ ሌላውን ለመጽሐፍና ለወረቀት አደረግን። ለስፌት ቡድኑ የመኪና መርፌና መቀስ የተሸጎጠው በመጽሐፎቹ መካከል ነው። የክረምት ካፖርታችንን፣ ድስታችንንና የእንጀራ ምጣዳችንን በቀጣዩ ወር ለምትገባ ኢትዮጵያዊት ተማሪ ትተንላታል። እሷም በተራዋ ለሌላ ትተዋለች።

አሁን ለጉባኤው የምናቀርባቸው አራት ሐሳቦች አሉን።

አንደኛ፣ ከዚህ በኋላ ማኅበራችን የሚረዳት ተማሪ ስትሄድ፣ የመጨረሻውን ወር ኪራይና ቀለብ ከመጀመሪያው ጀምራ በየወሩ በጥቂቱ እንድታስቀምጥ በውሏ ውስጥ ይጻፍ። ከማኅበሩ ሣጥን ምንም አይወጣም። ግን በመጨረሻው ወር ባዶ እጇን የቀረች ልጅ ያገኘችውን ሥራ ትይዛለች፤ መቅረት መመለሷን አስባ ሳይሆን ተቸግራ ትወስናለች። ስትወስን የተረጋጋ ወር ይኑራት።

ሁለተኛ፣ ስለ ወረቀቶቹ የነገርናችሁን በአማርኛ በዝርዝር ጽፈን ለጽሕፈት ቤቱ ሰጥተናል። ጉዞዋ ሦስት ወር ሲቀረው ለእያንዳንዷ ተማሪ ይላክላት።

ሦስተኛ፣ የብድር አከፋፈሉ ለሁሉም አንድ ይሁን፣ ግን ጊዜው ይለያይ። እዚያ የቀረች ደሞዝ በጀመረች ወር መክፈል ትጀምር። የተመለሰች ደግሞ ስድስት ወር ይታገሷት፤ የአቻ ግምቱና የሥራ ፍለጋው እስኪያልቅ። ይህ ሐሳብ ለእኛም የሚጠቅም በመሆኑ፣ ድምፅ ሲሰጥበት እኛ ሁለታችን አንሳተፍም። የመጀመሪያ ክፍያችንን ግን በታኅሣሥ ከፍለናል፤ ይህ ውሳኔ ለእኛ ይዘልቅ ብለን አንጠይቅም።

አራተኛ፣ ለተመለሰች ልጅ ለሦስት ወር አብራት የምትቆም አንዲት አባል ትመደብላት። ስትሄድ ቦሌ ድረስ የሸኘናት ልጅ ስትመለስ "ምን አመጣሽልን?" ከሚል ሌላ የሚጠይቃት ሰው ያስፈልጋታል። በየቢሮው አብራት የምትሄድ፣ የታክሲ ዋጋ እንኳ እንደተለወጠ የምትነግራት ሰው ማለታችን ነው። እኛ እማማ የምንላቸው አንዲት እናታችሁ ሳይመደቡ ይህንን አድርገውልናል። ሌላዋ ልጅ ግን በዕድል ላይ መንጠልጠል የለባትም።

ደጋፊዎቻችንም በየዓመቱ "የላካችኋቸው ስንቱ ተመለሱ?" ብላችሁ ትጠይቁናላችሁ። መልሱ ከሦስት ሁለት ነው። እንለምናችኋለን፤ ከዚሁ ጋር የሄደችው ሁሉ ምን ተምራ፣ ምን አይታ፣ ለማን ነገረች የሚለውንም ጠይቁ። ሦስተኛዋ እህታችን የኅብረት ሥራ ማኅበራትን የሒሳብ አያያዝ በሚመለከት የጻፈችውን በአማርኛ አሳጥራ ልካልናለች፤ በሚቀጥለው የመጽሔታችን እትም ይወጣል።

 አሁን ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁን፤ ከዚያም ሰብሳቢያችን ሐሳቦቹን አንድ በአንድ ለድምፅ ያቅርቡልን።